የተሸጠ ዕቃ ጌታው ማን ነው?

ሰው ወጥቶ ወርዶ ባገኘው ገንዘብ አንድ ዕቃ በገዛ ጊዜ፥ ዕቃው ከሻጩ እጅ ወጥቶ የገዢው ገንዘብ መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። በሬውን የሸጠ ሰው ከገበያ ከተመለሰ በኋላ የበሬውን እግር ሊያስር አይችልም። በመንጌና በኩርሙክ አፈር አጥበው ወርቅ ከሚያወጡት ወገኖቻችንም አንዱ፥ ወርቁ ተመዝኖ ዋጋው ከተከፈለው በኋላ ሌሊት ተመልሶ ከገዢው ሣጥን ጥቂት ቢቀንስ፥ ሥራው ስርቆት እንጂ ንግድ አይባልም።

በያዝነው ዘመን ግን ተሽጦ የማይለቀቅ ዕቃ መጥቷል፤ ይኸውም ስማርት ስልክና በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። ገዢው ስልኩን በኪሱ ይይዛል፤ በስልኩ ላይ ያለውን ሥልጣን ግን ሠሪው በሩቅ አገር ሆኖ ይይዘዋል። ትናንት ይሠራ የነበረው አፕሊኬሽን ዛሬ አፕዴት ካልተደረግሁ አልከፈትም ይላል፤ አፕዴት ሲደረግም አሮጌው ስልክ ሸክሙን መቻል አቅቶት ይዘገያል። አፕል የተባለው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር ይቀንስ እንደ ነበር በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አምኗል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ ስልኮቹ በድንገት እንዳይጠፉ ነው ብሏል። ይሁን እንጂ ነገሩን ለገዢዎቹ ስላላስታወቀ በ2012 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር 25 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ተደርጓል።

ምናልባት «ይህ የባለጠጎች ቅሬታ ነው፤ ለነፍስ ምን ይረባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ወፍጮን ወይም መጁን መያዣ አድርጎ መውሰድ ተከልክሏል። ይህም የተከለከለው ድንጋዩ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ ሆኖ ሳይሆን፥ የድኻው ቤት የዕለት እንጀራ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ነው። ዛሬም የእጅ ስልክ የድኻው ወፍጮ ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ የማንጎ ሽያጭ ዋጋም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በአሶሳ ለምትኖር እናቱ የሚልከው ገንዘብ በስልክ ሊያልፍ ይችላል። ይህ አገልግሎት ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው በተራ ስልክ *127# ተብሎ እንዲሠራ መደረጉ፥ ሠሪ ከወደደ ድኻውን ማሰብ እንደሚችል ያሳያል። እንግዲህ ያለ በቂ ምክንያት የሚሠራን ስልክ ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ሰው መጁን እንደ ወሰደ ሰው ነው።

ሠሪዎቹም የሚሰጡት መልስ አለ። ጠባቂ ያጣ አሮጌ ሶፍትዌር ለሌባ ይጋለጣል፤ እርሱን መጠበቅም ወጪ አለው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 22፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከላይ ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ከዚህ የምንረዳው፥ የሠሪው ግዴታ ሥራው ካለቀ በኋላም የሚኖር መሆኑን ነው። ከሽያጭ በኋላ ጌትነቱ ሊቀር፥ ግዴታው ሊቀጥል ይገባል። አሁን የምናየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጌትነቱን ይዞ ግዴታውን ጥሏል። ይህንም ማረም እንደሚቻል የአውሮፓ ኅብረት አሳይቷል፤ ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ለገበያ የሚቀርብ ስማርት ስልክ፥ ሽያጩ ካበቃ በኋላ አፕዴቱ ቢያንስ 5 ዓመት፥ ዋና ዋና መለዋወጫው 7 ዓመት እንዳይቋረጥ በሕግ ተወስኗል።

ይህን የምንጽፈው ስልክን ለመንቀፍ አይደለም፤ መሣሪያ ኃጢአት የለበትም። ነጋዴውን ስለ ሚዛኑ የምንመክር እኛ ካህናት፥ ሶፍትዌር የሚሠራውን የንስሐ ልጃችንንም ስለ ሥራው ልንመክረው ይገባናል። የሠራኸው ነገር እስከ መቼ እንደሚያገለግል በሽያጩ ቀን ትናገራለህን? በርታው፥ ጉሙዙ፥ ሽናሻው፥ ማኦውና ኮሞው በማያውቀው ቋንቋ ረጅም ውል አቅርበህ «ተስማምቷል» ትላለህን? ብለን እንጠይቀው። ስልክ ሻጩም የዕቃውን ዕድሜ አይደብቅ። ገዢውም አዲስ በወጣ ቁጥር የሚሠራውን ጥሎ አይሩጥ፤ ምኞቱ የሠሪውን ስግብግብነት ይመግባልና።

የእጃችንን ሥራ ለባልንጀራችን በረከት እንጂ ወጥመድ እንዳይሆን ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።