ቡችላውና ጆንያው

ቡችላን በጨዋታ አደን ማስተማር ከግብረ ገብ አንፃር እንዴት ይታያል? ጥያቄው ለብዙ ሰው የሥራ ፈት ጥያቄ ነው። «ከዱላ ጨዋታ አይሻልም ወይ?» ይባልና ይታለፋል። በዚህስ እኛም ክርክር የለንም፤ ዱላ ያስፈራው ውሻ ዓይኑ ጌታው እጅ ላይ ይቀራል እንጂ ዱካ አይከተልም። የእኛ ነገር የሚጀምረው ዱላው ከተጣለ በኋላ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ክሴኖፎን ስለ አደን በጻፈው መጽሐፍ፣ ቡችላ ሲጠሩት ቶሎ እንዲሰማ አጭር ስም ይውጣለት፣ ሴቷ በስምንት፣ ወንዱ በዐሥር ወሩ ወደ አደን ይውጣ ይላል። በዘመኑ የነበረው ፕላቶን ደግሞ በ«ሪፐብሊክ» ሰባተኛው መጽሐፍ ልጆችን በግድ ሳይሆን በጨዋታ አስተምሩ ብሎ መክሯል። ይህችን ምክር መምህራን ሁሉ ይወዷታል። ከእሷ ቀጥላ ያለችውን ግን የሚያነሳት የለም፤ ልጆቹ በፈረስ ተቀምጠው ጦርነት እንዲያዩ ይወሰዱ፣ እንደ ቡችሎችም ደም ይቅመሱ የምትለዋን። ጨዋታውና ደሙ የተቀመጡት ጎን ለጎን ነው። ፕላቶን ቢያንስ አልደበቀም።

እስቲ አሠራሩን እንመልከት። አሠልጣኙ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ገመድ ያስራል፤ በገመዱ ጫፍ ጨርቅ፣ ላባ ወይም የጥንቸል ቆዳ ያንጠለጥላል። ከዚያ መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። የሚጎተተውም ከቡችላው ወዲያ እንጂ ወደ ቡችላው መሆን የለበትም፤ ወደ እሱ የሚመጣ ነገር ያስደነግጠዋል፣ የሚሸሽ ነገር ግን ደሙን ያፈላዋል። ሁልጊዜ ካመለጠው ተስፋ ይቆርጣል፣ ሁልጊዜ ከያዘው ይሰለቸዋል። ስለዚህ ጥቂት አሯሩጦ ያስይዘዋል፤ ቡችላው ሳይጠግብም ጨዋታው ይቆማል። በሌላ ቀን ጨርቁ ሣር ውስጥ ይደበቃል፤ አሁን ተራው የአፍንጫ ነው። በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደው ይመጣል፦ የያዘውን መልቀቅ። በጉልበት ከአፉ ቢነጥቁት ይብሱን ያጠብቃል፤ ሌላ ጨርቅ አሳይተው ቢለዋወጡት ግን ይለቃል። ፈንጂ የሚያሸቱ ውሾችም ብዙውን ጊዜ የሚሠለጥኑት በዚሁ መንገድ ነው (በአገራችንም ከጦርነት የተረፈ ፈንጂ በማሰስ ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር)። ውሻው ፈንጂ አገኘሁ አይልም። ለእሱ ነገሩ ኳስ ፍለጋ ነው፤ ደመወዙም ያችው ኳስ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን «ይሄ እኮ ማታለል ነው!» አለ። ሆላንዳዊው ዮሐን ሁይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ፣ ጨዋታ በትእዛዝ ከሆነ ጨዋታነቱ ይቀራል ማለቱንም ጠቀሰልን። እኛ ግን ቡችላውን ስናየው ጨዋታነቱ አልቀረም፤ ጅራቱ አይዋሽም። ለእሱ ጨዋታ፣ ለእኛ ሥራ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። የጉግስን ነገር እናስብ። አንዱ ፈረሰኛ ዘንግ ሲወረውር፣ ሌላው በጋሻ ሲመክት፣ ጨዋታው የጦርነት ልምምድ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የተታለለ የለም። ቡችላው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። እናም እሱ ሊያውቀው ያልቻለውን ሁሉ አውቆ መጠየቅ በእኛ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። በተለይ አንድ ነገር፦ ምን እንዲያድን ነው የምናስተምረው?

ይህ ጥያቄ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች ቀልድ አይደለም። በሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ደግሞስ በጀሞ ኮንዶሚኒየም መካከል ምን ይታደናል? ሌሊት በወንዝ ዳር የሚያልፈው ጅብ ካልሆነ፤ እሱን ደግሞ ውሻው ራሱ ይፈራዋል። ሆኖም ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ከአዳኝ ዘር ተዳቅሏል የተባለ ቡችላ ይገዛና ለቡ ወይም ሃና ማርያም አካባቢ አንድ የቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ ይገባል። የማደን ፍላጎቱም አብሮት ይገባል። የግቢው ልጆች ዘንግና የጥንቸል ቆዳ የላቸውም፤ ያላቸው የተቀደደ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። እሱን እያራገቡ «ያዘው! ያዘው!» ይሉታል። ይይዛል። ይሳቃል። አሠልጣኝ ቢያያቸው ከሞላ ጎደል ያደንቃቸው ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ፣ አንድ ጠዋት በመንገዱ ላይ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰውዬው ጆንያውን በትከሻው አንግቧል። ውሻው በበሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የሚባለውን ሰፈርተኛ ሁሉ ያውቀዋል፦ «ይሄ ውሻ ሌባ ያውቃል!» ከዚህም የባሰ አለ፤ «ድሃ አይወድም» ይባላል፣ እየተሳቀ፣ እንዲያውም ትንሽ ኩራት እየታከለበት። ውሻው ስለ ሌባ ምን ያውቃል? ስለ ድሃስ? የሚያውቀው ጆንያ ነው። ጆንያው በማን ትከሻ ላይ እንደሚውል የወሰነው ኑሮ ነው፤ ለውሻው መጫወቻ እንዲሆን የመረጠው ደግሞ ግቢው ነው። የተነከሰው ሰው ሥራውን ትቶ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይመላለሳል፤ የቀን ገቢው ይቀራል። ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ዱላ ይዞ ነው። ከቡችላው ላይ ያነሳነው ዱላ እንግዲህ በሌላ እጅ ተመልሶ መጣ፤ «ጨካኝ» የሚባለው ግን ቆራሌው ሆነ!

ልጆቹን መውቀስ አንፈልግም። ጨዋታውም ይቅር አንልም። ውሾች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ብናይ የራሳቸው ሕግ አላቸው። አንዱ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ኋላውን ከፍ አድርጎ ጎንበስ ይላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ በ1977 እ.ኤ.አ. ያጠናው ይህን ምልክት ነው፤ «ጨዋታ ነው፣ ጠብ አይደለም» እንደማለት ነው። ጠንክሮ የሚነክስ ቡችላ ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ። እነሱ ዘንድ መያዝና መልቀቅ አንድ ላይ ይለመዳሉ። በየግቢው ግን የሚሰጠው ትምህርት «ያዘው!» ብቻ ነው። «ልቀቀው» የሚለውን ማስተማር የነበረባቸው ትልልቆቹ በረንዳ ላይ ሆነው ይስቃሉ።

«ሁሉን የሚለቅ ውሻ ምን ይጠብቃል? ሌባም እኮ ጆንያ ይይዛል» የሚል ይኖራል። እሺ ይሁን፤ ታዲያ ውሻው ለመጣው ሁሉ ይጩህ፣ ባለ መኪናውንም ጨምሮ። መጮህ ጥበቃ ነው። ለይቶ መንከስ ግን ፍርድ ነው፤ ፍርዱን ቀድመን የሰጠነው ደግሞ እኛ ነን፣ ገና ቡችላው ጥርሱን ሳይጨርስ።

አንድ የሰፈር ሰው ይህን ክርክር ሰምተው መፍትሔ አገኘሁ አሉ። ቡችላቸውን በገመድ ይዘው ቆራሌውን ጠሩና የአሮጌ ጆንያ ጫፍ ሰጡት፤ ቡችላው ሰውዬውን በጨዋታ እንዲለምደው ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቆራሌው ጆንያውን አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ፣ ቡችላው ያዘ፣ ሰውዬውም ፈገግ አለ። ከዚያ ጫፉን መለሰላቸውና «ጋሼ፣ ጠርሙስ ካለ ያምጡልኝ፤ ፀሐዩ ሳይከር ጀሞ መድረስ አለብኝ» አላቸው።