ማን ይምረጥልን?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ዘወትር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይህን ነገር እኔ ልወስን ወይስ ለተጠቃሚው ልተወው? ለተጠቃሚው የተተወው ሁሉ የሚሰበሰበው በተለምዶ «ሴቲንግ» በምንለው ገጽ ላይ ነው። ጥያቄው የቴክኒክ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሲመረመር የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ስለ ሌላ ሰው መወሰን ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው?

በዚህ ረገድ የግኖም ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ግኖም በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር መስኮቶቹንና ማውጫዎቹን የሚያሳይበት፣ በነፃ የሚታደል ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለተኛው ትውልዱ ሲወጣ ቀድሞ የነበሩት ብዙ ማስተካከያዎች ከገጹ ተነሡ። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ሃቮክ ፔኒንግተን ምክንያቱን በጽሑፍ አስረዳ፤ እያንዳንዱ አማራጭ ዋጋ ያስከፍላል፣ ሲበዛም ተፈላጊው ይጠፋል የሚል ነበር። ስሌቱም ይደግፈዋል። «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ዐሥር ማስተካከያዎች ብቻ 1,024 ዓይነት አቀማመጥ ይወልዳሉ። ይህን ሁሉ ማን ፈትሾ ይዘልቀዋል?

የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ ግን አልተዋጠለትም። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ላይ አካሄዱን ተጠቃሚን እንደ ሞኝ መቁጠር ነው ሲል ነቀፈ፤ ሰዎችም የግኖም ተፎካካሪ የሆነውን ኬዲኢን እንዲጠቀሙ መከረ። በእርግጥ ከገጹ ከተነሡት ማስተካከያዎች አንዳንዶቹ ጨርሰው አልጠፉም፤ ለብቻው በተሠራ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ተቀብረው ነበር። መኖሩን ለማያውቅ ሰው ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ አንዱ ስለ ጀማሪው፣ ሌላው ስለ ዐዋቂው ተናግሯልና። ዳሩ ግን የዛሬው ጀማሪ የነገው ዐዋቂ መሆኑን መርሳት አይገባም። ለጀማሪ ብሎ በሩን ገርበብ ማድረግ ደግነት ነው፤ ቆልፎ ቁልፉን መጣል ግን ሞግዚትነት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ቀላልነት የሠሪው ጥቅም መሸፈኛ ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ። ጥፋታቸው ምን ነበር? ተጠቃሚው የመከታተያ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ጠቅታ መቀበል ሲችል፣ እምቢ ለማለት ግን ብዙ ጊዜ መጫን ነበረበት። እሺታ ቀላል፣ እምቢታ ውስብስብ ተደርጎ ነበር ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ሴቲንግ የሚባለውን ገጽ ሳይከፍት ይኖራል። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ የመረጠለት ነገር የዕለት ተዕለት ኑሮው ይሆናል። ይህ አደራ ነው። ባለአደራ የሚወስነው ባለቤቱ ቢጠየቅ ይመርጥ የነበረውን አስቦ ነው እንጂ ለራሱ የሚበጀውን አይደለም፤ ባለቤቱ መጥቶ «የኔን ልየው» ባለ ጊዜም ያለ ማጉረምረም ያሳየዋል። አንባቢም አንድ ነገር «ቀላል ነው» ተብሎ ሲቀርብለት ለማን እንደቀለለ ቢጠይቅ አይጎዳም።