የርካሹን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ውድ ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። አንድ ውሳኔ ከአሥር የመንደር ሰዎች ስምንቱን የሚጠቅም፣ ሁለቱን ግን ከእርሻቸው የሚያፈናቅል ቢሆን ውሳኔው ትክክል ነው ትላላችሁ? «ብዙኃኑ ተጠቅሟል» ብላችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ። የነጻ ንግድ ስምምነቶች በድሃ አገሮች የሚያስነሡት ጥያቄ ይኸው ነውና።

ሜክሲኮን እንመልከት። ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር የገባችው የነጻ ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥር 1994 ሥራ ላይ ዋለ። በሰሜኑ ክፍል ፋብሪካዎች ተስፋፉ፤ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾችም ሰፊ ገበያ አገኙ። ይህን መካድ አይገባም።

የበቆሎ ነገር ግን ሌላ ነው። በቆሎ መጀመሪያ ከዱር ሣር ወደ እህልነት የተለወጠው በሜክሲኮ ምድር ነው፤ ጤፍ ለእኛ እንደ ሆነው በቆሎ ለእነርሱ እንዲሁ ነው። በትንሽ ማሳ ዝናብ ጠብቆ የሚያርሰው ገበሬ፣ በትራክተር ከሚያርስና መንግሥቱ ከሚደጉመው የአሜሪካ ገበሬ ጋር በአንድ ገበያ ቆመ። ስምምነቱ ለበቆሎ እስከ 2008 የሚዘልቅ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት ግን ከኮታው በላይ የገባውን በቆሎ ቀረጥ ሳያስከፍል በሩን አስቀድሞ ከፈተው። የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ብዙ ገበሬዎችም ማሳቸውን ትተው ተሰደዱ።

«ቢያንስ የከተማው ድሃ ርካሽ ምግብ በላ» ትሉ ይሆናል። እርሱም አልሆነም። መንግሥት ቶርቲያ ለሚባለው የበቆሎ ቂጣ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ በ1990ዎቹ መጨረሻ አቆመ፤ እህሉ ሲረክስ ቂጣው ተወደደ። በ2007 መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ በቂጣ ዋጋ ንረት ተማርሮ በዋና ከተማዋ አደባባይ ወጣ።

ታዲያ መልሱ በር መዝጋት ነውን? አይደለም። የቡና ገበሬያችን የሚኖረው ሌሎች በራቸውን ስለ ከፈቱለት ነው። የተዘጋ በር ከውጭ የሚመጣውን መድኃኒትና ማዳበሪያ በድሃው ላይ ያስወድዳል። ጥፋቱ በመነገድ ላይ ሳይሆን፣ የአገር ትርፍ ሲደመር የተጎዳው ሰው በድምሩ ውስጥ መጥፋቱ ላይ ነው። ድምር አይራብም፤ የሚራበው ሰው ነው።

በሙሴ ሕግ ባለ እርሻው የማሳውን ዳርቻ ጨርሶ እንዳያጭድ ታዟል። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው። ልብ በሉ፣ ቃርሚያው የድሃው ድርሻ እንጂ የባለ እርሻው ችሮታ አልነበረም። በንግድ ስምምነትም እንዲሁ ነው። ያተረፈው ለተጎዳው የሚያካፍለው ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ «በኋላ ይታያል» ተብሎ አይተውም፤ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ይጻፋል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በኪጋሊ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና አባል ናት። ነገ ከእናንተ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ሌላው በድርድር ጠረጴዛ የሚቀመጥ ባለሙያ ይሆናል። ያን ጊዜ «አገሪቱ ምን ታተርፋለች?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ማን ይጎዳል? ራሱን እስኪያዘጋጅ ስንት ዓመት ተሰጠው? ከትርፉስ ምን ይደርሰዋል? ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን እርሱን ራሱን የጠየቀው አለን?