ኃይሉ ከወዴት ነው? ያለ ፈቃድ ስለሚሮጥ መኪናና ስለ ነጂው ኃላፊነት

በጣና ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በቆመባት ምድር፣ የሰው መጓጓዣ ከጥንት ጀምሮ የደንገል ታንኳ ነው። ዛሬ የሞተር ጀልባ ቢጨመርበትም የታንኳ ጠባይ ለሁሉ የታወቀ ነው። ነፋስና ማዕበል ካልገፋው በቀር ቀዛፊው ክንዱን ባሳረፈ ጊዜ ታንኳውም ፍጥነቱን ይተዋል፤ ከቀዛፊው የተለየ ኃይል በውስጡ የለምና። ነገር ግን ያው የደቅ ሰው ሐይቁን ተሻግሮ ባሕር ዳር ሲደርስ የሚሳፈርበት መኪና ጠባዩ ሌላ ነው። መኪና ከብዙ ፈረሶች ጕልበት የሚበልጥ ኃይል በሆዱ ተሸክሞ፣ ያን ሁሉ ኃይል ከሰው እግር በታች ላለች አንዲት ትንሽ መርገጫ አስገዝቶታል። እንግዲህ መኪናው ነጂው ሳይፈቅድ ቢሮጥና ሰው ቢጎዳ በደሉ የማን ነው? ነጂውስ በዚያች ሰዓት ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ የመካኒክ ብቻ አይደለም፤ የኅሊናም ጥያቄ ነው።

የሙሴ ሕግ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፣ አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር ሄዶ፣ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ያ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቈጠርም፤ ሸሽቶ የሚድንበት ከተማ ተለይቶለታል። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 ደግሞ የሚዋጋ በሬ ነገር ተጽፏል። በሬው ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው፤ ነገር ግን በሬው አስቀድሞ ተዋጊ እንደ ሆነ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ፣ ባለቤቱ ይጠየቅበታል። ከሁለቱ ሕግጋት የምንማረው ይህ ነው፦ ሰው ባልፈቀደውና ባላወቀው ነገር አይፈረድበትም፤ እያወቀ ቸል ባለው ነገር ግን «አልፈቀድሁም» ብሎ አያመልጥም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የወንጀል ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በአንቀጽ 57 ሰው ጥፋት ሳይኖርበት በድንገተኛ አደጋ በደረሰው ነገር እንደማይቀጣ ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል።

ስለዚህ መኪና ያለ ፈቃድ በሮጠ ጊዜ ነጂውም፣ ሠሪውም፣ ዳኛውም አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ኃይል ከወዴት መጣ?» የሚለው ነው። ኃይሉ የሚመጣበት ምንጭ ሦስት ነው፤ ከሞተሩ፣ ከራሱ ከመኪናው ክብደት፣ ወይም ከነጂው እግር።

ከሞተሩ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ዓለም በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. አይቷል። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር በአሜሪካ በካሊፎርንያ በሳንዲዬጎ አጠገብ አንድ ሌክሰስ መኪና ፍጥነቱን ሊተው እምቢ ብሎ በውስጡ የነበሩት አራት ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ለሌላ ዓይነት መኪና የተሠራ የወለል ምንጣፍ የነዳጅ መስጫውን መርገጫ ይዞት ተገኘ። ከዚያም በኋላ ራሱ መርገጫው ተጣብቆ የሚቀርባቸው መኪናዎች እንዳሉ ታወቀ፤ የቶዮታ ኩባንያም በሚሊዮን የሚቈጠሩ መኪናዎችን ለማረም ጠራ። በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ኩባንያው ስለዚህ ጕድለት ሕዝብን ያሳሳተ መሆኑን አምኖ 1.2 ቢልዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እነሆ፣ ተዋጊው በሬ ይህ ነው! የምንጣፉ መጣበቅ ብቻውን ድንገተኛ ነገር ሊባል ይችል ነበር፤ ዐውቆ መሸሸግ ግን ድንገተኛ አይደለም።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አያበቃም። ብዙ ሰዎች ስሕተቱ በመኪናው የኤሌክትሮኒክ አካል ውስጥ ነው ብለው ስለ ጠረጠሩ፣ ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ሊቃውንት መረመሩት፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በወጣው ውጤትም ለእንዲህ ያለው ታላቅ ሩጫ ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክ ጕድለት አላገኙም። ከዚያም በፊት፣ በዚያው አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ኦዲ በተባለው መኪና ላይ ተመሳሳይ ክስ በተነሣ ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዚያው አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት አብዛኛው አደጋ የደረሰው ነጂዎቹ ፍሬን የረገጡ መስሏቸው የነዳጅ መስጫውን በመርገጣቸው እንደ ሆነ ገልጿል።

ይህ ሦስተኛው ምንጭ ለኅሊና እጅግ የሚያስፈራ ነው። ነጂው አይዋሽም፤ ፍሬን እንደ ረገጠ በእውነት ያምናል። መኪናው ሲፈናጠር ይደነግጣል፤ በደነገጠ መጠን አጥብቆ ይረግጣል፤ አጥብቆ በረገጠ መጠን መኪናው ይብስበታል። ያጠፋው ያው ያድነኛል ብሎ የታመነበት እግሩ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 7 የሰው ፈቃድና የሰው ሥራ እንደሚጣሉ በምሬት ይናገራል። የቍጣም ነገር እንዲሁ አይደለምን? የተቈጣ ሰው ጠብን አበርዳለሁ ብሎ ቃል ይጨምራል፤ ጠቡ ሲብስ ጥፋቱ የባልንጀራው ይመስለዋል፤ እግሩ በየትኛው መርገጫ ላይ እንዳለ ግን አይመለከትም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ሁልጊዜ በነጂው ላይ ለመፍረድ ብንቸኵል ሌላ በደል እንሠራለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ማለቃቸውን ማን ይረሳዋል? ከዚያ አራት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዚሁ ዓይነት ቦይንግ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በዚያን ጊዜ አብራሪዎችን የሚነቅፉ ሰዎች አልጠፉም። ምርመራው ግን አንድ የተሳሳተ መለኪያ ሐሰተኛ ወሬ ስላቀበለው፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ የተተከለው ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ይደፋ እንደ ነበር አሳየ፤ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት የዚያ ሥርዓት ነገር በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጠም ነበር። እንግዲህ ሳይመረምሩ ሰውን መኰነን፣ ሳይመረምሩ መሣሪያን ከመኰነን አያንስም።

ወደ ሁለተኛው ምንጭ እንመለስ፤ እርሱም ለሀገራችን ነጂ በጣም የቀረበ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሁሉ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍለት ይወርዳል። በዚያ ስፍራ መኪናን የሚያስሮጠው ነዳጅ አይደለም፤ የራሱና የጭነቱ ክብደት ነው። ነጂው በቀላል ማርሽ እየወረደ ፍሬኑን ሳያሳርፍ ቢይዘው ፍሬኑ ግሎ ይደክማል፤ በመጨረሻም «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ፍሬኑ ግን እምቢ ያለው ከላይ ገና ሲወርድ በከባድ ማርሽ አለመግባቱን፣ ጭነቱን ከልክ በላይ ማብዛቱን ተከትሎ ነው። አደጋው በመታጠፊያው ላይ ቢታይም የተወለደው በጎሐ ጽዮን ነው።

እንግዲህ ነጂ ምን ያድርግ? መኪናው በሞተሩ ኃይል ያለ ፈቃዱ ቢሮጥ፣ አስቀድሞ እግሩን ከመርገጫው ፈጽሞ ያንሣ፤ ከዚያም ፍሬኑን ዐውቆ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሙሉ ኃይሉ ይርገጥና አይልቀቅ። እየደጋገመ ቢረግጥና ቢለቅ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ያልቅበታል። ወዲያውም ማርሹን ከሞተሩ ያላቅቅ፤ በአውቶማቲክ መኪና «ኤን» ወደምትባለው ፊደል ይውሰደው፣ በሌላውም መኪና ፍሪሲዮኑን ይርገጥ። ሞተሩ ቢጮኽ አይደንግጥ፤ ጩኸቱ ጎማውን አያዞርም። መኪናው እየሄደ ሳለ ቍልፉን አይንቀል፤ መሪው ሊታሰርበት ይችላልና። ጥጉን ይዞ ከቆመ በኋላ ሞተሩን ያጥፋ፤ መካኒክም ሳያየው ዳግመኛ አይንዳው።

በቍልቍለት ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ማርሽን ከሞተር ማላቀቅ የሚረዳውን ማባረር ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋልና። በአንዱ ስፍራ መድኃኒት የሆነው በሌላው ስፍራ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ነው ከሁሉ በፊት «ኃይሉ ከወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

«በዚያች ቅጽበት ይህን ሁሉ ማሰብ ማን ይችላል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ማንም አይችልም። በድንጋጤ ጊዜ ሰው አዲስ ነገር አያስብም፤ የለመደውን ያደርጋል። ስለዚህ የነጂው ኃላፊነት ከዚያች ቅጽበት በፊት ይጀምራል። ምንጣፉ ተጣጥፎ እንደ ሆነ ጠዋት ጠዋት ጐንበስ ብሎ ማየት፣ ፍሬኑን በጊዜው ማስመርመር፣ የሌላውን ሰው መኪና ሲነዳ መርገጫዎቹን ቆሞ እያለ በእግሩ መለየት፣ ጭር ባለ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄዱ ፍሬንን አጥብቆ መያዝንና ማርሽን ማላቀቅን መለማመድ፣ እነዚህ ጥቃቅን ሥራዎች የባልንጀራ ፍቅር ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በጤናችን ቀን ጾምንና ጸሎትን ማስለመዷ ፈተና በመጣ ጊዜ ልባችን የለመደውን እንዲያደርግ ነው። እጅም እግርም እንዲሁ ይማራሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ አድርጎ ሳለ፣ የምሳሩ ብረት እንደ ወለቀበት ሰው፣ ያላሰበው አደጋ የደረሰበት ነጂ ቢኖር፣ እርሱ መጠጊያ ከተማ ያስፈልገዋል፤ ያ ከተማ የእኛ ርኅራኄ ነው። እያወቀ ቸል ያለ ግን፣ ነጂም ይሁን ባለ ንብረት፣ ሠሪም ይሁን ሻጭ፣ ተዋጊውን በሬ ሳያስር የተወ ሰው ነው። የሰው ፍርድ ሁለቱን ለመለየት ይደክማል። እያንዳንዳችን ግን መኪና ከማስነሣታችን በፊት እግራችን ወዴት እንዳለ ራሳችንን መጠየቅ እንችላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።