እጁን ያላነሣ ሰው

ልጆቼ ሆይ፣ ሰውን የሚገድለው ዱላው ነውን ወይስ ዱላውን ያስነሣው ቃል? ይህን ነገር ሳወጣና ሳወርድ ኖሬአለሁ።

ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ሌሊት፣ በአሜሪካ አገር በፖርትላንድ ከተማ፣ ለትምህርት የሄደ ሙሉጌታ ሥራው የሚባል የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ፣ ጠጉራቸውን የተላጩ ሦስት ነጮች በጎዳና ላይ ደብድበው ገደሉት። በቤዝቦል ዱላ ራሱን የመታው ኬን ሚስኪ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ2003 ዓ.ም. በእስር ሳለ ሞተ። ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም።

የሚያስደንቀኝ ቶም ሜትዝገር ነው። ይህ ሰው በካሊፎርኒያ ቴሌቪዥን እየጠገነ የሚኖር፣ ቀድሞ የኩ ክላክስ ክላን አለቃ፣ ኋላም ነጮችን በጥቁሮች ላይ የሚያስነሣ ማኅበር መሪ ነበረ። በዚያች ሌሊት በፖርትላንድ አልነበረም። ነገር ግን ወጣቶቹን የሚያደራጅ መልእክተኛ ልኮ ነበርና፣ ሞሪስ ዲስ የሚባል ጠበቃ ለሟቹ ቤተ ሰብ ቆሞ ከሰሰው። በጥቅምት 1983 ዓ.ም. ሜትዝገር፣ ልጁና ሌሎቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደ። ቤቱ ተሸጠ። እርሱ ግን እስከ ሞተበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ትምህርቱን አልተወም።

ክፉ ቃል የተናገረ ሁሉ ወደ ዳኛ ቢወሰድ ማን ይተርፋል የሚል ሰው አለ፤ እውነት አለው። ዳሩ ግን ቃል መልእክተኛ ተሰጥቶት ከሄደ ከእጅ በምን ይለያል?

ይህን ታሪክ በቦንጋ ለተማሪዎቼ በነገርሁ ቊጥር ክፍሉ በቊጣ ይሞላ ነበር። አንድ ቀን ግን ዓይኔ ከኋላ ብቻውን በተቀመጠው የማንጆ ልጅ ላይ ዐረፈ። ከጎኑ መቀመጥን የከለከለ አልነበረም፤ የተቀመጠም አልነበረም። ወላጆቹ እንጨትና ከሰል ወደ ገበያችን ያመጣሉ፤ በከሰላቸው ቡናችንን እናፈላለን፤ ወደ ቤታችን ግን አይገቡም ነበር። ይህን ማን አስተማረን? እኔን ያስተማረችኝ አያቴ ናት፤ አንዳች ክፉ ቃል ሳትናገር፣ ለማንጆ እንግዳ እህሉን በደጅ በእንሰት ቅጠል ስታቀርብ እያየሁ አደግሁ። ደግ ሴት ነበረች።

ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ እንደ ተፈጠረ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በቃሌ ይዤ ነበር። ያንን ልጅ «ወደ ፊት ና» ለማለት ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ባልሁት ቀን ሁለት ተማሪዎች ከአግዳሚው ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትምህርቱን ቀጠልሁ።