ጥሪና ሹመት

ሥራ ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ጥሪ ነው የሚለው አስተሳሰብ በምዕራቡ ክርስትና የተስፋፋው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማርቲን ሉተር ምንኩስናና ክህነት ብቻ ሳይሆኑ የጫማ ሰፊውና የቤት ሠራተኛዪቱ ተግባርም በእምነት ከተፈጸመ ለፈጣሪ የሚቀርብ አገልግሎት መሆኑን ካስተማረ ወዲህ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ሰው የሚጠራው ለሥራው ነው ወይስ ሥራው ላስገኘለት ሹመት? ከአለቅነት ወርዶ በሌላው ሥር ያደረ ሰው ጥሪውን ጠብቋል ወይስ ጥሏል?

ለዚህ ምርመራ የአሞስ አሎንዞ ስታግ (ከ1862 እስከ 1965 እ.ኤ.አ.) ሕይወት ከብዙ የነገረ መለኮት ድርሳን ይልቅ ይጠቅማል። ስታግ በየል ዩኒቨርሲቲ ለስብከት አገልግሎት መማር ጀምሮ የአንደበት ስጦታ እንደሌለው በመረዳት ተወው፤ ከዚያም በ1892 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ማለትም ሞላላ ኳስ በአብዛኛው በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት ጨዋታ፣ አሰልጣኝ ሆነና ሥልጠናውን እንደ ስብከት ቆጥሮ 41 የውድድር ዘመናት አገለገለ። ዩኒቨርሲቲው በ70 ዓመቱ የጡረታ ደንቡን ጠቅሶ አሰናበተው፤ ቡድኑ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደክሞ ስለ ነበር ውሳኔውን እንዲሁ ግፍ ብሎ ማለፍ አይቻልም። እርሱ ግን ወደ ካሊፎርኒያው ፓሲፊክ ኮሌጅ ተሻግሮ እስከ 1946 በዋና አሰልጣኝነት ቀጠለ፤ በ1943ም፣ በ81 ዓመቱ፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።

እስከዚህ ያለው ጽናት ነው፤ ጽናትን ደግሞ ከሹመት ፍቅር ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚገለጠው በ1947፣ ስታግ ልጁ ዋና አሰልጣኝ ወደ ሆነበት ወደ ፔንሲልቬንያው ሰስኮሃና ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የማጥቃቱን ዘርፍ በተረከበ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ዋናው አሰልጣኝ ማጥቃቱን፣ መከላከሉንና ምቱን የሚከፋፈሉ ባልደረቦች አሉት፤ የእነርሱ ዕውቀት ሜዳ ላይ ይታያል፣ ድሉ ግን በዋናው ስም ይጻፋል። በመሆኑም ቡድኑ በ1951 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የውድድር ዘመኑን ቢፈጽም፣ ያ ውጤት በስታግ ስም ለረጅም ዘመን ሲጠቀስ በኖረው የ314 ድል ድምር ውስጥ አልገባም። የጥንቱ ሮማዊ ፈላስፋ ሲሴሮ ስለ እርጅና በጻፈው ድርሳን የሽምግልና ዘውድ ተሰሚነት መሆኑን ይናገራል፤ ስታግ ይህን ዘውድ ለገዛ ልጁ አስረክቦ ሥራውን ለራሱ አስቀረ። አባት ልጁን ማዘዝ ልማድ በሆነበት ዓለም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ከዚሁ የእምነት ምንጭ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የሰንበት ሕግ፣ ሥራ ምንም ያህል ቅዱስ ቢሆን የሚቆምበት ቀን እንዳለው ያስተምራል፤ ሊተው የማይቻል ሥራ ጥሪ መሆኑ ቀርቶ ጣዖት ሊሆን ይችላል። ስታግ በ1953 ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሶ፣ ዕድሜው ዘጠና ካለፈ በኋላ፣ በስቶክተን የሁለት ዓመት ኮሌጅ የኳስ ምት የሚያስተምር ረዳት መሆኑ ለዚህ ክርክር ጉልበት ይሰጠዋል። ሹመትን የሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን አነስተኛ ቦታ እንደማይቀበል ግልጽ ስለሆነ፣ የስታግ ሕይወት የመጀመሪያውን ጥያቄ በአጥጋቢ ሁኔታ ይመልሳል፤ የሰንበቱን ጥያቄ ግን አይመልስም፣ ምናልባትም ያባብሰዋል።