ስለ ምላጭና ስለ መጠን

ሰው ከፈጣሪው የተቀበለውን አካል በገዛ እጁ ሊያስተካክል ይገባዋልን? ቢገባውስ እስከ ምን ድረስ? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጢም ያበቀለ ወንድ ሁሉ ጧት ጧት በመስታወት ፊት ቆሞ ምላጭ ባነሣ ቍጥር፥ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፥ ለዚሁ ጥያቄ በእጁ መልስ ይሰጣል። ስለ ምላጭ ስለትና ስለ አላላጭ ዘዴ የሚነጋገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት፥ መዳፍ ሽቅብ ቢዳስሰው እንኳ የማይሻክር፥ ጢም ከቶ ያልበቀለበት የሚመስል ፊት ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የተነሣሁት ይህንኑ ምኞት ነው፤ ጢምን መቍረጥ አንድ ነገር፥ ጢም እንዳልነበረ ለማድረግ መሻት ግን ሌላ ነገር መሆኑን አምናለሁና።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምላጭን ርኩስ መሣሪያ አድርገው አልቈጠሩትም። ዮሴፍ ከግዞት ቤት ተጠርቶ በፈርዖን ፊት ከመቆሙ አስቀድሞ ተላጭቶ ልብሱን ለወጠ። ከለምጹ የነጻ ሰው ወደ ማኅበሩ በሚመለስበት ሥርዓት፥ ራሱንና ጢሙን ቅንድቡንም ሳይቀር እንዲላጭ በኦሪት ታዟል። ናዝራዊውም የብፅዐቱ ወራት እስኪፈጸም ድረስ ምላጭ በራሱ ላይ እንዳይደርስ ቢከለከልም፥ ወራቱ በተፈጸመ ጊዜ በምስክሩ ድንኳን ደጃፍ ተላጭቶ ጠጕሩን ከመሥዋዕቱ በታች በሚነደው እሳት ላይ ያኖረዋል፤ ስለዚህ ያው ጠጕር ባለመቈረጡም ሆነ በመቈረጡ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ይሆናል። በሌላው ወገን ደግሞ ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ የጢምን ዳርቻ ማጥፋትን ትከለክላለች፥ በ21ኛውም ምዕራፍ ይህንኑ ክልከላ ለካህናት ለይታ ትደግመዋለች። እንግዲህ ያው ሕግ በአንድ በኩል ተላጩ፥ በሌላው በኩል አታጥፉ የሚል ከሆነ፥ ልዩነቱ ከመላጨቱና ካለመላጨቱ ሳይሆን ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት።

ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ከመረመሩት መካከል የእስራኤል መምህራን ይገኙበታል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት አካባቢ የተጠናቀረው የሕጋቸው መድበል ሚሽና፥ የጢም ዳርቻዎች በቀኝ ሁለት፥ በግራ ሁለት፥ በታች አንድ፥ በድምሩ 5 መሆናቸውን ከቈጠረ በኋላ፥ ሰው በዚህ ሕግ የሚጠየቀው በምላጭ የወሰደው እንደሆነ ነው ብሎ ይወስናል። በመቀስ ያሳጠረ ሰው ግን አይጠየቅም፤ ምክንያቱም መቀስ ምንም ያህል ቢጠጋ ጥቂት ያስቀራል፥ ምላጭ ግን ከቆዳው ጋር አስተካክሎ ፈጽሞ ያጠፋል። በዘመናችን ያሉ ብዙ የአይሁድ ሃይማኖት ተከታዮች በኤሌክትሪክ መላጫ የሚጠቀሙትም ስለቱ ከወንፊቱ በስተኋላ እንደ መቀስ ይቈርጣል እንጂ ቆዳውን አይነካም በሚል ምክንያት ነው፤ ይህንንም የማይቀበሉ መምህራን አሉ። በመካከለኛው ዘመን የነበረው አይሁዳዊ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ የሕጉን ምክንያት ሲያብራራ የጣዖት ካህናት እንዲህ ይላጩ ስለ ነበር ነው ብሏል። እኔ ግን ከምክንያቱ ይልቅ ልኩ ያስደንቀኛል፤ እነዚያ ሊቃውንት ጢምን ከማሳጠር ጋር ሳይጣሉ፥ ምንም ሳይተርፍ ከማጥፋት ጋር ብቻ መጣላታቸው፥ እጅግ ትንሽ በምትመስል ስፍራ ላይ ታላቅ ድንበር መትከል ነው።

የግሪክ ፈላስፎችና የቤተ ክርስቲያን አባቶች ከዚህ ጠንክረው ሄደዋል። ከባርነት ወጥቶ መምህረ ጥበብ የሆነው ኤጲክጢጦስ፥ ጢሙን ከሚላጭ አንገቱን ቢሰጥ እንደሚመርጥ ተናግሯል፤ ጢም ወንድን ከሩቅ ለይቶ የሚያሳውቅ የተፈጥሮ ምልክት ነው ብሎ ያስተምር ነበርና። ለቤተ ክርስቲያናችን እናት መንበር በነበረችው በእስክንድርያ ያስተማረው ቀሌምንጦስም ለውበት ሲሉ የሚላጩትን ወንዶች በብርቱ ገሥጿል። በሩስያም በ1551 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) በሞስኮ የተሰበሰበው ጉባኤ ጢም መላጨትን አወገዘ፤ ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የአገሪቱ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ የመኳንንቱን ጢም በግድ አስቈረጠ፥ በ1705ም ጢሙን ለማቈየት በፈለገ ሰው ላይ ግብር ጣለ። በዚያ ዘመን በሩስያ ያገለገለ ጆን ፔሪ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንደ ጻፈው፥ አንድ ሽማግሌ አናጢ ከላጩ ሲመለስ ፔሪ ጢምህን የት አደረስኸው ቢለው፥ እጁን ወደ ብብቱ ሰድዶ የተቈረጠውን ጢም አውጥቶ አሳየው፤ በሞተ ጊዜ ከሣጥኑ ውስጥ አብሮት እንዲቀበር፥ በወዲያኛውም ዓለም ለቅዱስ ኒቆላዎስ መልስ እንዲሰጥበት እንደሚያኖረው ነገረው።

በዚያ አናጢ እምነት ፊት አክብሮት ይሰማኛል፤ ነገር ግን ከኤጲክጢጦስም ከቀሌምንጦስም ጋር እስከ መጨረሻው ልሄድ አልችልም። ተፈጥሮ የሰጠችው ሁሉ ሳይነካ ይቈይ ካልን ጥፍርም አይቈረጥም፥ እትብትም አይተለተልም፥ እርሻም አይታረምም። ሰው በገነት እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተሹሞ ነበርና፥ ማበጀት ከሹመቱ አንዱ ክፍል ነው። ሆኖም ሹመቱ ሁለት ቃል መያዙን መርሳት የለብንም፤ ማበጀት ብቻውን አልተሰጠም፥ መጠበቅም አብሮት ተሰጥቷል። በአገራችንም ልማድ ጢምና ጠጕር ያለ ምክንያት አይነኩም፥ ያለ ምክንያትም አይተዉም። ካህኑ ጢሙን ያሳድጋል፤ ሐዘንተኛ ራሱን ይላጫል፤ በጣልያን ወረራ ዘመን በዱር በገደል የተዋጉ አርበኞችም ጠጕራቸውንና ጢማቸውን አሳድገው ስለ ነበር፥ ከጫካ ሲወጡ መልካቸው ራሱ ስለ ጸኑበት ዓመታት ይመሰክር ነበር። በዚህ ሁሉ ጠጕር የሚናገረው ነገር አለ፤ ሰውም እንደ ነገሩ ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል።

አሁን ወደ ምላጩ ልቅረብ፤ የነገሩ ፍሬ እዚያ ነውና። በከተሞቻችን ጠጕር አስተካካይ ቤት የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፥ አስተካካዩ በሁለት በኩል የተሳለውን ስስ ምላጭ ከነወረቀቱ አጥፎ ቀጭ ያደርግና ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹን በመያዣው ውስጥ ሰክቶ የደንበኛውን ራስ ወደ ኋላ ካስደገፈ በኋላ፥ የጉንጩን ቆዳ በአውራ ጣቱ ወጠር አድርጎ ከጆሮው ሥር ቍልቍል ይጀምራል። የመጀመሪያው ዙር ጢሙ በተኛበት በኩል ነው። ብዙ ደንበኞች ግን በዚህ አይረኩም፤ መዳፋቸውን ከአንገታቸው ወደ አገጫቸው አንሸራትተው ጥቂት ሲሻክራቸው ድገመው ይላሉ። አስተካካዩም ቆዳውን ከቀድሞው አብልጦ ወጥሮ፥ ከታች ወደ ላይ፥ ከጢሙ አበቃቀል በተቃራኒ ምላጩን ይስበዋል። የተወጠረው ቆዳ ሲለቀቅ የተቈረጠው ጠጕር ጫፍ ከቆዳው ወለል በታች ሰምጦ ይቀራል፤ ደንበኛውም ዳግመኛ ዳስሶት ምንም ባላገኘ ጊዜ ደስ ብሎት ይነሣል።

ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ የሚሆነውን ግን ጠጕሩ የተጠቀለለ ሕዝብ ሁሉ፥ እኛም ከእነርሱ ጋር፥ በአንገታችን ላይ እናውቀዋለን። ጥቅልል ጠጕር ከሥሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጐብጦ ነው የሚያድገው። ስለዚህ በሰያፍ ተቈርጦ የሾለው ጫፍ ወይ ገና ከቆዳው ሳይወጣ የበቀለበትን ቀዳዳ ከውስጥ ወግቶ ወደ ሥጋ ይገባል፥ ወይም ከወጣ በኋላ ዞሮ ቆዳውን ከውጭ ይወጋዋል። ሥጋም የገዛ ራሱን ጠጕር እንደ ባዕድ ቈጥሮ ይዋጋዋል፤ ያብጣል፥ ያሳክካል፥ መግል ይቋጥራል፥ በተደጋገመም ጊዜ ጥቍረትና ጠባሳ ይተዋል። ሰውየው ደግሞ እብጠቱ ያልጸዳ ጢም መስሎት ምላጩን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ይደጋግመዋል፤ ቍስሉ በቍስሉ ላይ ይጨመራል። መድኀኒቱ ከሁሉ በፊት መተው ነው፤ ጢሙ ለጥቂት ሳምንታት ሳይነካ ቢያድግ፥ የገባው ጠጕር እየረዘመ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ከቆዳው ያላቅቃል።

በዚህ ስፍራ የእስራኤል መምህራን ድንበርና የቆዳው ድንበር መገናኘታቸውን ሳስብ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ሕግ ከሐኪም መጽሐፍ ተቀዳ ማለቴ አይደለም፤ የሥጋ ሕመም ብቻውንም የኀጢአት ማስረጃ አይሆንም፥ ያለ በደል የሚታመም ብዙ ነውና። የምለው ይህ ነው፤ ከቆዳ በላይ ያለው ጠጕር ለሰው ፈቃድ የተተወ ነው፥ ከቆዳ በታች ያለው ሥሩ ግን ገና በሚሠራው በፈጣሪ እጅ ነው። ሣር የሚያጭድ ገበሬ ምድሩን እንደማይፍቅ ሁሉ፥ የሚላጭም ሰው ማጭዱን የሚያቆምበት ወለል ተሰጥቶታል። ያንን ወለል አልፎ ሥሩን የሚያሳድድ ሰው የሚፈልገው ንጽሕና አይመስለኝም፤ ነገ እንደገና የማይበቅል፥ ምንም የማይጠይቀው፥ ያለቀለት አካል ነው የሚፈልገው። እንዲህ ያለ አካል ደግሞ ለሕያው ሰው አልተሰጠም።

ስለዚህ የትኛው ምላጭ ይሻላል ለሚለኝ ሰው መልሴ ከዚሁ ይወጣል። በአንድ ራስ ላይ ሦስት፥ አራት፥ አምስት ስለት የተደረደረበት መላጫ፥ የፊተኛው ስለት ጠጕሩን ሲስበው የኋለኛው ዝቅ አድርጎ እንዲቈርጠው የታሰበ ነውና፥ ጠጕሩ ለተጠቀለለ ሰው ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። አንድ ስለት ብቻ ቆዳውን የሚነካበት ተራ መላጫ ይበቃል። ፊትን አስቀድሞ ለጥቂት ደቂቃ በሞቀ ውሃ ማራስ ይገባል፤ ውሃ የጠጣ ጠጕር ለስለት ይታዘዛልና። ከዚያ ሳሙናውን በብሩሽ እያዞሩ አረፋው እስኪወፍር መምታት፥ ምላጩን ወደ ቆዳው ጋደል አድርጎ ያለ ግፊት፥ በመያዣው ክብደት ብቻ፥ በአጭር በአጭሩ ማስኬድ ነው። ቆዳው አይወጠርም። አቅጣጫው ጢሙ የተኛበት ነው፤ ይህም በጉንጭና በአንገት አንድ ስላልሆነ፥ ሰው ከመላጨቱ በፊት ፊቱን በጣቱ ዳስሶ ጢሙ ወዴት እንደሚተኛ ሊማር ያስፈልገዋል። አንድ ዙር ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ጥቂት ሸካራነት መተው ነው። የደነዘ ምላጭ እጅን ወደ ግፊት ይጠራልና ቶሎ ይለወጥ፤ የአንዱም ምላጭ ለሌላው አይሁን። ይህ ሁሉ የማያሳርፈው ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ ምላጩን ትቶ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል በሚያስቀር የኤሌክትሪክ መቍረጫ ቢጠቀም፥ ሥርዓቱንም ጤናውንም ይጠብቃል።

ፈጽሞ መላጨት ግድ የሚሆንበት ጊዜ የለምን? አለ። የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ካልተዘጋ ሰው ይሞታል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ የገዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ኪንግ ጂሌት በ1901 በቦስተን የመላጫ ኩባንያውን አቋቁሞ፥ ዊልያም ኒከርሰን የሚባለው መሐንዲስ ስስ ብረትን አጠንክሮ የመሳልን ጥበብ ካገኘለት በኋላ፥ በላጭ እጅ የነበረው ሥራ በየሰዉ እጅ ገባ፤ ከጦርነቱ የተመለሱትም ወታደሮች በየዕለቱ የመላጨትን ልማድ ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ሕይወትን ለማዳን የተደረገውን መላጨት ማንም አይነቅፈውም። የሚያሳዝነው፥ የጭንብሉ ምክንያት በሌለበት ስፍራ የጭንብሉ ሥርዓት ጸንቶ መቅረቱ ነው።

በዚህ በኩል ለአሠሪዎችና ለአዛዦች የምናገረው አለኝ። የሥራ ቦታ ሠራተኛውን ጽዱ ሆኖ እንዲገኝ ቢያዝዝ መብቱ ነው፤ ነገር ግን ቆዳው በምላጭ የሚቈስለውንና የማይቈስለውን በአንድ ትእዛዝ ፊቱን ዕለት ዕለት አለስልሶ እንዲመጣ ማስገደድ ፍርድን ማጕደል ነው። በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ በዚህ ሕመም አብዝተው የተቸገሩት ጥቍር ወታደሮች ሲሆኑ፥ ለረጅም ዘመን በሐኪም ወረቀት አጭር ጢም እንዲያስቀሩ ይፈቀድላቸው ነበር፤ ያንንም ወረቀት ያለ ኀፍረትና ያለ ሙግት ያገኙት ሁሉም አይደሉም። የአሞን ንጉሥ ሐኖን የዳዊትን መልእክተኞች ግማሽ ጢማቸውን ላጭቶ በሰደዳቸው ጊዜ፥ ዳዊት ወደ ፊቱ እንዲገቡ አላስቸኰላቸውም፤ ጢማቸው እስኪያድግ ድረስ በኢያሪኮ እንዲቈዩ ላከባቸው እንጂ። አዛዥ የሆነ ሰው ሊሰጥ የሚችለው ይህንኑ ጊዜ ነው፤ አንገቱ ያበጠበት ወጣት ለአንድ ወር ምላጭ እንዳይነካ ፈቃድ ሲጠይቅ፥ ስንፍና ነው ሳይባል ሊፈቀድለት ይገባል።